ቀኑ ሳይደርስ በመድኃኒት ስለሚጀመር ምጥ

በሐኪም ቤት የምትመረመር አንዲት ነፍሰ ጡር «ምጥሽ በራሱ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባምና በመድኃኒት እናስጀምረዋለን» የተባለች እንደ ሆነ፣ ወሬው ወደ ቤት በደረሰ ጊዜ በቤተ ሰቡ መካከል ብዙ ክርክር ይነሣል። አንዱ «እግዚአብሔር የወሰነውን ቀን ሰው አያፋጥነውም» ይላል። ሌላው «የምጥ መርፌ የተወጋች ሴት መጨረሻዋ ኦፕራሲዮን ነው» እያለ የሰማውን ያወራል። ሦስተኛው ደግሞ መርፌው እንደ ተወጋ ልጅ የሚወለድ መስሎት የገንፎውን ዱቄት ያስነፋል። የሦስቱም አነጋገር ከፍርሃትና ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን በዚህ ክርክር ምክንያት ሕክምናውን ጀምራ ሳትጨርስ ወደ ቤቷ የምትመለስ ሴት ትገኛለችና፣ ለሕክምናው ምክንያት የሆነው በሽታም ክርክሩ እስኪያልቅ የሚታገሥ ስላልሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ዋናውን ነገር አስቀድመን እንናገር፤ በመድኃኒት የሚጀመር ምጥ አዝጋሚ ነው። በተለይ የመጀመሪያ ልጇን ለምትወልድ ሴትና ወሯ ገና ሳይሞላ ለሚጀመርላት ሴት፣ ከመጀመሪያው መድኃኒት እስከ ሕፃኑ መወለድ አንድ ሙሉ ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጃል። የመጀመሪያው ሌሊት ያለ ምጥ ቢነጋ መድኃኒቱ ከሸፈ ማለት አይደለም። ይህን የማያውቅ ዘመድ ግን ከደጅ ቆሞ ሰዓት ሲቈጥር ይሰጋል። ከሰጋም በኋላ ወይ «ልጃችንን እንወስዳለን» ይላል፤ ወይ ደግሞ «ቶሎ ቀዳችሁ አውጡልን» ብሎ ሐኪሙን ያስጨንቃል። በየሰፈሩ እንዲህ ባለው ጊዜ ምክር የሚጠየቁት መምህራንና የተማሩ ያገር ሰዎች ናቸውና፣ ይህን ጽሑፍ ለእነርሱ አዘጋጅተነዋል።

ሐኪም ምጥን ከቀኑ በፊት የሚያስጀምረው፣ ሕፃኑ በማሕፀን ከሚቈይ ቢወለድ ይሻላል ብሎ ሲፈርድ ነው። ከምክንያቶቹ ሁሉ ከፍ ያለውን ስፍራ የያዘው በእርግዝና የሚነሣ የደም ግፊት ነው። ከአምስተኛው ወር በኋላ ደም ግፊቷ 140 በ90ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ በሽንቷም ፕሮቲን የተገኘባት ሴት ምናልባት ምንም አይሰማት ይሆናል። ሕመሙ ግን በውስጥ ኩላሊትዋን፣ ጉበቷንና አንጎሏን ይጐዳል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ፣ ከደረት በታች በቀኝ በኩል የሚሰማ ሕመም ሲጨመርበት መንዘፍዘፍ፣ ራስን መሳትና ሞት ሊከተል ይችላል። ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለው መርፌ መንዘፍዘፉን ይከላከላል። በ2002 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ውጤቱ የታተመው፣ በ33 አገሮች ከ10,000 በሚበልጡ ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት የመንዘፍዘፉን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ይሁን እንጂ መርፌው በሽታውን አያድነውም። የበሽታው ሥር ያለው በእንግዴ ልጁ ላይ ስለ ሆነ፣ መዳን የሚጀምረው ሕፃኑና የእንግዴ ልጁ ከወጡ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ ሕመም የያዛት ሴት 37 ሳምንት ከሞላት በኋላ መጠበቅ ለእርሷም ለሕፃኑም ጥቅም የለውም። ሕመሙ የበረታባት እንደ ሆነም ሐኪሙ ከዚያ በፊት ሊወስን ይገደዳል።

ሌሎቹን ምክንያቶች በአጭሩ እንጥቀስ። የእንሽርት ውሃ ፈሶ ምጥ ሳይከተል ሲቀር ረቂቅ ተሐዋስያን ወደ ማሕፀን ይገባሉ። የስኳር በሽታ ያለባት ሴት፣ ሕፃኑ በማሕፀን ውስጥ ማደግ ያቆመባት ሴት፣ እንዲሁም ቀኑ ያለፈባት ሴት ከዚሁ ይቈጠራሉ። ስለ መጨረሻይቱ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው ምክር 41 ሳምንት መሙላቷ በእርግጥ የታወቀ ሴት ምጥ እንዲጀመርላት ይመክራል፤ ከዚያ በፊት ግን ምንም ሕመም ለሌላት ሴት አይመክርም። ለሠርግ ወይም ለመንገድ እንዲመች፣ ወይም ባሏ ፈቃድ ያገኘው በዚህ ሳምንት ነውና ተብሎ የሚጠየቅ ምጥ ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም አይደለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያቀርቡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

እንግዲህ «ቀኑ ሳይደርስ» ስንል ቀኑ የቱ እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። ያገራችን እናቶች እርግዝናን በዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይቈጥራሉ። ይህም ቍጥር በቤተ ክርስቲያን ከመጋቢት 29 ቀን የጽንሰት በዓል እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን የልደት በዓል ያለው ጊዜ ነው፤ ወራቱ 270 ቀን፣ ጳጉሜን 5 ቀን፣ ድምሩ 275 ቀን። ሐኪሞች ደግሞ 280 ቀን፣ ማለት 40 ሳምንት ይላሉ። አንባቢ የአምስት ቀን ልዩነት ብቻ ያለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን መነሻቸው አንድ አይደለም። የእናቶች ቍጥር ከጽንስ ቀን ይነሣል፤ የሐኪሞች ቍጥር ግን የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት ከመጀመሪያው ቀን ይነሣል። ጽንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ከዚያ ወደ 14 ቀን ገደማ ቈይቶ ስለ ሆነ፣ የእናቶች 275 ቀን በሐኪም አቈጣጠር 289 ቀን፣ ይኸውም 41 ሳምንት ከ2 ቀን ይሆናል። «ገና አልደረሰችም» በሚሉ አማትና «ቀኗ አልፏል» በሚል ሐኪም መካከል የሚነሣው ጠብ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመነሻ ልዩነት የመጣ ነው።

በእኛ ወራት ለማስላት የሚፈልግ ሰው የመጨረሻው የወር አበባ በታየበት በመጀመሪያው ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይጨምር። በመካከሉ ጳጉሜን የምትገባ ከሆነ 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበትም ዓመት 9 ወር ከ4 ቀን ይበቃል። ለምሳሌ የወር አበባዋን በኅዳር 3 ያየች ሴት ቀኗ ነሐሴ 13 ነው። በጥር 8 ያየችው ግን ጳጉሜንን ስለምታልፍ ጥቅምት 13 ይሆናል። ይህን ስሌት መምህራን በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያስተምሩት የሚችሉ ነው፤ ከብዙዎቹ የሒሳብ ምሳሌዎችም ይልቅ ጥቅም አለው። ቀኗን ላላስታወሰች ሴት በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚነሣ አልትራሳውንድ ይረዳል። እርግዝናው እየገፋ በሄደ መጠን ግን የአልትራሳውንዱ ግምት እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው የክትትል ካርድ ተጠብቆ ይቀመጥ፤ በመውለጃዋም ጊዜ አብሮ ይምጣ። ቀኑ በስሕተት ከተቈጠረ፣ ደርሷል የተባለው ሕፃን ሳንባው ሳይጠነክር ሊወለድ ይችላልና።

አሁን ስለ መዘግየቱ እንመለስ። የማሕፀን በር በእርግዝናው ወራት ተዘግቶ፣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር የሚያህል ርዝመት ይዞ፣ ሲነካም እንደ አፍንጫ ጫፍ ጠንክሮ ይኖራል። የመውለጃው ጊዜ ሲቃረብ ግን እንደ ከንፈር ይለሰልሳል፣ ያጥራል፣ ይሳሳል፣ ወደ ፊትም ይዞራል። ይህ የሚሆነው ከምጥ በፊት ባሉት ቀኖችና ሳምንታት ቀስ በቀስ ስለ ሆነ እናቲቱ አይታወቃትም። ምጥን ከቀኑ በፊት ስናስጀምር ይህ የሳምንታት ሥራ በሰዓቶች እንዲፈጸም መጠየቃችን ነው። በሩ ሳይለሰልስ ማሕፀኑን በመድኃኒት ማስጨነቅ እናትን ማድከም ብቻ ይሆናል።

ኤድዋርድ ቢሾፕ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1964 የበሩን ዝግጅት የሚለካ ዘዴ አወጣ። አዋላጅዋ ወይም ሐኪሙ በጣት መርምረው የበሩን መከፈት፣ ማጠር፣ መለስለስና አቅጣጫ፣ የሕፃኑንም ራስ መውረድ ያያሉ። ለእያንዳንዱም፣ መምህር ለተማሪ እንደሚሰጥ፣ ማርክ ይሰጡታል፤ ሙሉው 13 ነው። 8ና ከዚያ በላይ ያገኘች ሴት በሯ ተሰናድቷል፤ ከ6 ያልበለጠ ያገኘች ግን መለስለሻ ያስፈልጋታል። ማርኩ ትንሽ በመሆኑ የምታዝን ሴት አጋጥማናለችና፣ ይህ ማርክ የእናቲቱን ስንፍናም ሆነ ትጋት እንደማይገልጽ መናገር ሳያስፈልግ አይቀርም።

በሩን ለማለስለስ በተለይ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በጫፉ ፊኛ ያለበት ቀጭን የጎማ ቱቦ ነው። ቱቦው በበሩ ውስጥ ያልፍና ፊኛው በንጹሕ ውሃ ይሞላል፤ በሩንም ከውስጥ ቀስ እያለ ይጫነዋል። ሲገባ ጥቂት ያማል፤ ከገባ በኋላ ግን ሴትዮዋ መነሣት፣ መሄድና መተኛት ትችላለች። በሩ 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ሲከፈት ፊኛው በራሱ ይወድቃል። መውደቁ የደግ ምልክት እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሁለተኛው መንገድ ሚሶፕሮስቶል የተባለው መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት አስቀድሞ ለጨጓራ ቍስል የተሠራ ሲሆን፣ የማሕፀንን በር እንደሚያለሰልስ ታውቆ ለዚህ አገልግሎት ዋለ። ለምጥ የሚሰጠው በአንድ ጊዜ 25 ማይክሮግራም ነው። በገበያ ያለው የተለመደው እንክብል ግን 200 ማይክሮግራም ስለ ሆነ፣ የሚፈለገው የአንዱ እንክብል አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው ማለት ነው። አንድ እንክብል ገዝቶ በቤት የሚውጥ ሰው ስምንት እጥፍ መውሰዱ ነው፤ ማሕፀንም በዚህ ምክንያት ሊቀደድ ይችላል። ከዚህ ቀደም በኦፕራሲዮን ለወለደች ሴትም ሚሶፕሮስቶል አይሰጥም፤ የቀድሞው ጠባሳ ሊተረተር ይችላልና።

በሩ ከለሰለሰ በኋላ የእንሽርቱ ከረጢት በቀጭን መንጠቆ ሊቀደድ ይችላል። ከረጢቱ ስሜት የሌለው ስለ ሆነ መቀደዱ ራሱ አያምም፤ ሙቅ ውሃ ሲፈስ ብቻ ይታወቃታል። ውሃው አረንጓዴ ወይም ደም የተቀላቀለበት ከሆነ ለአዋላጅዋ ወዲያው ይነገር።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ «የምጥ መርፌ» የሚለው ኦክሲቶሲን ይመጣል። ስሙ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ፈጣን ወሊድ ማለት ነው፤ ከላይ እንዳየነው ግን የስሙን ያህል አይፈጥንም። እንግሊዛዊው ሊቅ ሄንሪ ዴል በ1906 ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ከምትባል ዕጢ የተወሰደ ጭማቂ የድመትን ማሕፀን እንደሚያኰማትር አስታወቀ። በ1953 አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ ይህንኑ ንጥረ ነገር በኬሚስትሪ ቤት ሠራው፤ ስለ ሥራውም በ1955 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። እንግዲህ የምጥ መርፌ ባዕድ መርዝ ሳይሆን፣ የእናቲቱ አካል ራሱ የሚያመነጨው ነገር አምሳያ ነው።

አሰጣጡ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መድኃኒቱ በውሃ ተበጥብጦ በደም ሥር በጠብታ ይገባል። በጥቂት ጠብታ ተጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ እየታየ ይጨመራል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ምጥ ሲመጣ መጨመሩ ያበቃል። ከአምስት በላይ ሲሆን በዝቷልና ጠብታው ይቀነሳል ወይም ይዘጋል። በሁለት ምጦች መካከል ማሕፀኑ ካላረፈ ሕፃኑ በቂ አየር አያገኝም። በጠብታ መስጠት የተመረጠውም ስለዚሁ ነው፤ ጠብታው ሲዘጋ የመድኃኒቱ ኀይል በጥቂት ደቂቃዎች እየደከመ ይሄዳል። ሕፃኑ ሳይወለድ በጡንቻ የተወጋ መርፌ ግን ተመልሶ ሊወጣ አይችልም። «ምጧን የሚያፋጥን» እያለ በቤት መርፌ የሚወጋ ሰው ቢመጣ በር ሊዘጋበት ይገባል። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ በእናቲቱ ጭን ላይ የሚወጋው ይኸው መድኃኒት ግን ሌላ ጕዳይ ነው፤ እርሱ ደም እንዳይፈስ የሚጠብቅ ስለ ሆነ ማንም ወላድ ሊቀርባት አይገባም። በመድኃኒት የተጀመረ ረዥም ምጥ ማሕፀንን ስለሚያደክም የደም መፍሰስ በዚህ ጊዜ ይበልጥ ይፈራል።

ሴትዮዋ ራሷ ምን ይሰማታል? በመለስለሻው ጊዜ እንደ ወር አበባ ያለ ቁርጠትና የወገብ ሕመም አለ፤ ደግሞም መሰልቸት አለ። መሰልቸቱን ሰዎች አይነግሯትም። ጠብታው ከተጀመረ በኋላ ግን ምጡ ቀስ በቀስ መሰናዶ ሳይሰጥ ሊበረታ ስለሚችል፣ በፊት በራሱ ምጥ የወለደች ሴት «ይህኛው ይብሳል» ትላለች፤ ሐሰት አይደለም። የሕመም ማስታገሻ መጠየቅ ነውር አይደለምና ትጠይቅ። የሕፃኑ የልብ ምት በየጊዜው ይደመጣል፤ ጤናማው ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። በዚህ መደመጥ ምክንያት ጠብታው ቢቆም ተስፋ መቍረጥ አይገባም፤ አንዳንድ ጊዜ እንደ ገና ይጀመራል።

«መጨረሻው ኦፕራሲዮን ነው» ስለሚባለው ደግሞ እንናገር። እርግጥ በአንዳንዶቹ ላይ ምጡ አልገፋም ይልና ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል። ነገር ግን በ2009 በሆላንድ አገር 36 ሳምንት ያለፋቸውና ደም ግፊት ያለባቸው 756 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር። በመድኃኒት ምጥ ከተጀመረላቸው 100 ሴቶች 31ዱ የሕመም መባባስ ሲደርስባቸው፣ እንዲጠብቁ ከተደረጉት 100 ሴቶች ግን 44ቱ ተባብሶባቸዋል። በኦፕራሲዮን የወለዱትም ከመጀመሪያዎቹ 14፣ ከሁለተኞቹ 19 ናቸው። ስለዚህ ወደ ቢላዋ የሚወስደው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሳይሆን፣ መድኃኒቱ የታዘዘበት በሽታ ነው። ሆኖም ምጥ የሚጀመረው ኦፕራሲዮን ሊደረግበት በሚቻል ሐኪም ቤት ብቻ መሆን አለበት። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል መላክን እንደ መገፋት የሚቈጥር ቤተ ሰብ ይህን ያስታውስ።

ከዘመድ የሚጠበቀው ምንድን ነው? እናቲቱ የመረጠቻት አንዲት ሴት ወይም ባለቤቷ በአጠገቧ ይቀመጡ፤ ወገቧን ይሹ፣ ያጽናኑ። ሆዷን ግን ማንም አይሽ፣ ማንም አይጫን። አዋላጅዋ ከፈቀደች በመለስለሻው ጊዜ ሻይና አጥሚት ትጠጣለች፤ እየተመላለሰችም ትሄዳለች። የባሕል መድኃኒት በድብቅ ማጠጣት በጠብታው ላይ ያልታወቀ መድኃኒት መጨመር ነው። አስቀድሞ ጠጥታ እንደ ሆነ ለሐኪሙ ይነገር፤ ማንም አይቈጣትም። የሚመረምራት ሰው በእያንዳንዱ ጊዜ እጁን ታጥቦ አዲስ ጓንት ማድረጉን ማየትም የዘመድ መብት ነው። «ጠብታውን ጨምሩላት» ብሎ መወትወት ግን አይገባም። ይልቅስ ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ ምክንያቱ ምንድን ነው፣ ስንት ሳምንት ሆኗታል፣ ነገ በዚህ ሰዓት ምን ይጠበቃል? ትምህርታችንን በውጭ አገር ስንከታተል አዋላጆች የመጨረሻውን ጥያቄ ሳይጠየቁ ሲመልሱ አይተናል፤ የዘመድንም ጭንቀት እንደዚያ የሚያበርድ ነገር አላየንም።

ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ያለ ቀኑ የተወለደ ነው። ለእርሱ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሙቀት ነው፤ በእናቱ ደረት ላይ ሥጋ ለሥጋ ተጣብቆ፣ በላዩ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ይህ አያያዝ በ1978 በኮሎምቢያ በቦጎታ ከተማ ማሞቂያ ሣጥን ባነሰበት ሐኪም ቤት ተጀምሮ በዓለም ሁሉ የተሠራጨ ነው። ሕፃኑ እንቅልፍ ስለሚያበዛና የመጥባት ኀይሉ ደካማ ስለ ሆነ፣ እስኪያለቅስ ሳይጠበቅ እየተቀሰቀሰ ጡት ይሰጠው፤ ካልቻለም ወተቱ ታልቦ በጽዋ ይጠጣ። ከ34 ሳምንት በፊት እንደሚወለድ ከታወቀ ለእናቲቱ አስቀድሞ ሳንባውን የሚያጠነክር መርፌ ይሰጣታል። ይህን የደረሰበት የኒው ዚላንዱ ሐኪም ሊጊንስ ሲሆን፣ ምጥን የሚያስጀምረው ምን እንደ ሆነ በበጎች ላይ ሲመረምር ያለ ቀኑ የተወለደ ግልገል ሳይሞት መቅረቱ አስገርሞት ነበር። በ1972 ከባልደረባው ከሆዊ ጋራ በሴቶች ላይ የፈተነውን ውጤት አሳተመ።

ስለ ደም ግፊት ሲባል ምጥ የተጀመረላት ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከተባለች በኋላም ለጥቂት ጊዜ ከአደጋ አልወጣችም። መንዘፍዘፉ ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀኖች፣ አልፎ አልፎም በሳምንታት ውስጥ ሊመጣ ይችላል። ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ከባድ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ቢሰማት፣ ወይም ደም አብዝቶ ቢፈሳት፣ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን የሚባለው የአራስነት ጊዜ አልሞላም ተብሎ በጓዳ እንዳትቀመጥ። በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሕፃኑን ይዛ ወደ ሐኪም ቤት ትምጣ፤ በምን ምክንያት ምጥ እንደ ተጀመረላት የተጻፈውንም ወረቀት ለመጀመሪያው ሐኪም ታሳይ።